ነጻ ጠበቃ ትርፍ ነገር ነው ለተባለው፦ ነጥብ በነጥብ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እጅ በእጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ የሕዝብ ገንዘብ ማባከኛ ነው ይላል። ስድስት ነጥቦች አሉት። ንጹሕ ሰው ጠበቃ አያስፈልገውም፣ እውነት ራሷን ትናገራለች፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ማንም ሰው ቅጽ ሞልቶ ራሱ ሊከራከር ይችላል፤ ደመወዝተኛ ተከላካይ ጠበቃ አይተጋምና ለግል ጠበቆች በመዝገብ መክፈል ይሻላል፤ እሱም ባይሆን ጠበቃ ሁሉ በዓመት ጥቂት ሰዓት በነጻ እንዲሠራ ማስገደድ ይበቃል፤ ነጻ አገልግሎት ተራ ክስ ያበዛል፤ ድሃ ነኝ ያለ ሁሉ እየተስተናገደ ነውና የድህነት ማረጋገጫው ይጥበቅ።

ጸሐፊው አንዳንድ ቦታ እውነት ይዟል፤ እዚያ ስንደርስ አንክድበትም። ችግሩ ጠበቃን የሚያውቀው ችሎት ፊት ቆሞ ሲናገር ብቻ መሆኑ ነው። የድሃ ሰው ጉዳይ በአብዛኛው ችሎት ሳይደርስ ያልቃል፤ ምርመራ ላይ በተሰጠ ቃል፣ ባለፈ ቀን፣ ባልተያያዘ ወረቀት፣ ባልተጠራ ምስክር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከእውነት እንጀምር። በ1961 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ክላረንስ ጊዲዮን የሚባል ሰው የፑል ማጫወቻ ቤት ሰብረህ ገብተህ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ ይቁምልኝ ብሎ ዳኛውን ጠየቀ። የግዛቱ ሕግ መንግሥት ጠበቃ የሚያቆመው ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ነው ይል ስለነበር አልተፈቀደለትም። ራሱ ተከራከረ፣ ምስክሮቹንም ራሱ ጠየቀ፤ ጥፋተኛ ተባለና አምስት ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1963 ፍርዱ ተሽሮ ጉዳዩ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዳኛ ፊት እንደገና ተሰማ። በዚህኛው ዙር አጠገቡ ጠበቃ ነበር።

ያ ጠበቃ ምን ሠራ? ከችሎቱ በፊት ቀናት ወስዶ ከተማው ውስጥ ሲያጣራ ከረመ። ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አንዱ የታክሲ ሹፌር ነበር፤ ጊዲዮን በዚያ ማለዳ ሲሳፈር እንዳሳፈርከኝ ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል አለ። ይህ ቃል እንዲሁ ቢተው የሌባ ቃል ነው። ጠበቃው አንድ ጥያቄ ብቻ አከለ፦ ከዚያ በፊትስ እንዲህ ብሎህ ያውቃል? ሹፌሩ አዎ አለ፤ ከሚስቱ ጋር ስለማይስማማ እንዲህ ይለኛል ሲል መለሰ። የወንጀል ምልክት የነበረው ነገር የቤት ጭቅጭቅ ሆኖ ቀረ። ጊዲዮንን አየሁት ያለው ዋና ምስክርም በመስቀለኛ ጥያቄ ተዳከመ፤ የጁሪው፣ ማለትም ፍርድ ለመስጠት ከተራ ዜጎች የተውጣጣው ቡድን፣ አባላት ከአንድ ሰዓት ያህል ምክክር በኋላ ተከሳሹን በነጻ አሰናበቱት። እውነቱ ከሁለት ዓመት በፊትም እዚያው ነበር፤ የሚጠይቀው ግን አልነበረም። አበው «ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል» የሚሉት ለሹመት ብቻ አይደለም።

ደግሞም ብዙ ጉዳይ መስቀለኛ ጥያቄ እስኪደርስ አይቆይም። የመርማሪ ጽሕፈት ቃል በቃል የተቀዳ አይደለም፤ መርማሪው የሰማውን በራሱ አነጋገር አሳጥሮ ያሰፍራል። «ተጋፋን፣ እኔም ገፋሁት፣ ወደቀ» ያለ ሰው ቃሉ ሲነበብለት «ገፍትሬ ጥዬዋለሁ» ሆኖ ያገኘዋል። ቃሉም ሁልጊዜ አይነበብለትም። በመጀመሪያው አነጋገር ውስጥ ራስን የመከላከል ክርክር አለ፤ በሁለተኛው ውስጥ የለም። ከስድስት ወር በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ቢል ማን ይሰማዋል? የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2008 በሳልዱዝ ጉዳይ የወሰነው በዚህ ላይ ነው። የ17 ዓመት ልጅ ጠበቃ ሳያገኝ ለፖሊስ አመነ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ ፊት ሲቀርብ ካደ፣ የፖሊስ ቃሉ ግን ማስረጃ ሆኖ ተፈረደበት። ፍርድ ቤቱ ተጠርጣሪ ከመጀመሪያው የፖሊስ ምርመራ ጀምሮ ጠበቃ ማግኘቱ መርሕ መሆን አለበት አለ።

ጣቢያ የደረሰ ጠበቃ በመጀመሪያዋ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ተአምር የለበትም። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል፤ ፍርድ ቤት የመቅረቢያው ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። ምን ተብለህ ተያዝክ፣ ለማን ተነገረልህ፣ መድኃኒት የምትወስድበት ሕመም አለብህ፣ ሰውነትህ ላይ ጉዳት አለ፣ እስካሁን ምን ላይ ፈርመሃል እያለ ይጠይቃል። ከመፈረምህ በፊት አስነብብ፣ ያላልከውን አስተካክል፣ ባዶ የቀረ መስመር ካለ አስሰርዝ ይለዋል። ዕለቱን ለዋስትና የሚሆነውን ይሰበስባል፦ ቋሚ አድራሻ፣ ሥራ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ፣ ዋስ የሚሆን ሰው። እነዚህ ሳይያዙ ዳኛ ፊት የቀረበ ተጠርጣሪ ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ ከሥራውም ከቤቱም ያርቀዋል።

የዚህን ሥራ ብዙውን ክፍል የሠለጠነ የሕግ ረዳት ሊሠራው ይችላል። በማላዊ ከ2000 ጀምሮ የሕግ ረዳቶች እስር ቤት እየገቡ ታሳሪዎች የዋስትና ጥያቄ እንዴት እንደሚያቀርቡ በትወና ያለማምዳሉ፤ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ተከሳሽ ይሆናል። ሴራሊዮን በ2012 ባወጣችው ሕግ የሕግ ረዳቶችን የነጻ የሕግ ድጋፍ ሥርዓቷ አካል አድርጋለች። ጸሐፊው ወጪው አስፈርቶት ከሆነ መነጋገር የነበረበት ስለዚህ ነበር፤ ስለ ረዳቶች ግን አንድም ቃል አልጻፈም።

ሁለተኛው ነጥብ ቅጽ ነው። ማንም ሰው ራሱ ቀርቦ መከራከር ይችላል የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም፤ የአየርላንድ መንግሥት በ1979 ኤሪ በተባለች ሴት ጉዳይ አቅርቦት ነበር። ሴትዮዋ ከሚደበድባት ባሏ በፍርድ ቤት ውሳኔ ተለይታ ለመኖር ፈለገች፣ ለጠበቃ የምትከፍለው አልነበራትም፣ ለፍትሐ ብሔር ጉዳይም ነጻ ጠበቃ አልነበረም። መንግሥት ራሷ እንዳትቀርብ የከለከላት የለም አለ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት መዝገቦቹን ተመለከተ፤ ከጥር 1972 እስከ ታኅሣሥ 1978 በአገሪቱ 255 እንዲህ ያሉ ክሶች ቀርበዋል፣ ከ255ቱ ጠበቃ ሳይዝ የቀረበ ከሳሽ አንድም አልነበረም። መብት በወረቀት ላይ ሳይሆን በተግባር የሚገኝ መሆን አለበት ብሎ ለሴትዮዋ ፈረደላት። የተፈቀደ ነገር ሁሉ የሚቻል አይደለም።

ቅጽ የት እንደሚሰናከል ለማየት የልጅ ቀለብ ክስ እንውሰድ። እናትየዋ ስሟን፣ አድራሻዋን፣ የተከሳሹን ስም ትሞላለች። «የሚጠየቀው ዳኝነት» የሚለው ቦታ ስትደርስ «ልጁን ይርዳልኝ» ብላ ትጽፋለች። ስንት? በየወሩ ወይስ በየሳምንቱ? ከመቼ ጀምሮ፣ ክሱ ከቀረበበት ቀን ወይስ ውሳኔ ከተሰጠበት? በእጅ ይስጣት ወይስ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይግባላት? ክሱ እስኪያልቅ ባለው ጊዜስ ልጁ ምን ይሁን? ፍርድ ቤት በአብዛኛው ያልተጠየቀውን አይሰጥም፤ ጊዜያዊ ቀለብ ያልጠየቀች እናት ፍርድ እስኪሰጥ ባዶ እጇን ትቀመጣለች። የአባትየውን ገቢ «አውቀዋለሁ» ማለቷም ማስረጃ አይደለም። አሠሪው ደመወዙን ገልጾ እንዲልክ ትእዛዝ ይሰጥልኝ ብላ ከክሱ ጋር ማመልከት ነበረባት፤ ቅጹ ግን ይህን አይጠይቃትም። ከዚያ መጥሪያ አለ። የተከሳሹ አድራሻ ጎደሎ ከሆነ መጥሪያው ሳይደርስ ይመለሳል፣ ቀጠሮ ይለወጣል። ይህን ሁሉ አልፋ ብታሸንፍም ፍርድና ገንዘብ አንድ አይደሉም፤ አፈጻጸም ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ማመልከቻ፣ የተከሳሹን ንብረት ወይም የሥራ ቦታ ጠቁሞ ማሳየት ይጠይቃል። ፍርዱን ይዘው አፈጻጸም ሳይከፍቱ የቀሩ ሰዎች ቅጽ ይበቃል በሚሉ ሰዎች ዘንድ እንደተሳካላቸው ነው የሚቆጠሩት።

ለተከሳሽ ደግሞ ይብሳል። በብዙ አገሮች የሥነ ሥርዓት ሕግ አንዳንድ መቃወሚያዎች በመጀመሪያው የመከላከያ መልስ ካልተነሡ እንደተተዉ ይቆጠራሉ፤ ይርጋንም፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚለውን መከላከያ፣ ተከራካሪው ካላነሣው ዳኛው በራሱ አያነሣውም። ከአሥር ዓመት በፊት ተበድረሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው «አዎ ተበድሬ ነበር፣ ግን ቸግሮኛል» ብሎ ሲመልስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ዕዳውን አምኖ የይርጋ መከላከያውንም ጥሎታል። ሐቀኛ ነው፤ የተጎዳውም በሐቀኝነቱ ነው።

ቅጽ ጨርሶ አይጠቅምም አንልም። ተቃራኒ ወገን በሌለበት፣ የሚጠየቀው ነገር አንድ ዓይነት በሆነበት ጉዳይ ጥሩ ቅጽና የአሥር ደቂቃ ማብራሪያ በቂ ነው። ስምን ማስተካከል ወይም የሰነድ ግልባጭ መጠየቅ ጠበቃ ማሰማራት አያሻውም። ነጻ የሕግ ድጋፍ ለሚሰጥ ቢሮ የሚያስፈልገው ማን የትኛው ወረፋ ላይ እንደሚቆም የሚለይበት መንገድ ነው። አራት ጥያቄ ይበቃል። ጉዳዩ ተቃዋሚ አለው? ያኛው ወገን ጠበቃ ይዟል? የሚጠፋው ነገር የማይመለስ ነው፣ ማለትም ነጻነት፣ ልጅ፣ መኖሪያ? ሰውዬው ፍርድ ቤቱ በሚሠራበት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ይቸግረዋል? ለሁለቱ እንኳ መልሱ አዎ ከሆነ ቅጽ ሰጥቶ መሸኘት ሰውን ገደል አፋፍ ላይ መተው ነው።

ጽሑፉ በዚህ ላይ የስልክ መተግበሪያና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መልስ ይሰጣሉ ብሎ ጨምሯል። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች ከቻትጂፒቲ ያገኟቸውን፣ በእውን ያልነበሩ ፍርዶች በማመልከቻቸው ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃ ያላጣራውን ባለጉዳይ ያጣራዋል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆም እንበል፤ ጸሐፊው ከእውነት በጣም የቀረበው እዚህ ነው። ተከሳሹን ችሎት በር ላይ አግኝቶ ስሙን ጠይቆ፣ ገብቶ «ቅጣት ይቅለልልን» ብቻ ብሎ የሚወጣ ተከላካይ ጠበቃ አለ። የመከላከያ ምስክር አልጠራም፣ የዐቃቤ ሕግን ሰነድ አላነበበም፣ መዝገቡ ላይ ግን ተከሳሹ በጠበቃ ተወክሏል ተብሎ ይጻፋል። ይህ ጠበቃ ከሌለው ሰው የባሰ ነው ብንልም ስሕተት የለበትም፤ ራሱ የቀረበን ሰው ዳኛው ይጠይቀው፣ ያብራራለት ይሆናል፤ ጠበቃ አለው ሲባል ግን ዝም ይላል። ጸሐፊው ምክንያቱን ደመወዝ ነው ይላል። እኛ የምናየው ቁጥር ነው።

በአሜሪካ በ1973 የወጣ መለኪያ አንድ ተከላካይ ጠበቃ በዓመት ከ150 በላይ ከባድ ወንጀል አይያዝ ይል ነበር። ዓመቱን በሳምንት 40 ሰዓት ብናሰላው 2,080 ሰዓት ነው፤ ዕረፍትም ሕመምም ሥልጠናም ሳይቀነስ። ለ150 ሲካፈል ለአንድ ሰው 14 ሰዓት አይሞላም። ከእነዚያ ሰዓቶች እስር ቤት ደርሶ መመለስ፣ እዚያም ተራ መጠበቅ፣ የምርመራ መዝገብ ገልብጦ ማንበብ፣ ምስክር ፈልጎ ማነጋገር፣ ቦታውን ማየት፣ ለአሥር ደቂቃ ችሎት ግማሽ ቀን ደጅ መጥናት፣ ማመልከቻ መጻፍ ይቀነሳል። የተቀጠረ ቀን ሲለወጥ ደግሞ ግማሽ ቀኑ በከንቱ ይሄዳል፣ ከ14ቱም ይወጣል። በ2023 በዚያው አገር የወጣ የሥራ ጫና ጥናት ቁጥሩን አስተካክሏል፦ ከከባድ ወንጀሎች ለቀላሎቹ 35 ሰዓት፣ ለመካከለኞቹ 57፣ ለግድያ 248። በዚህ ስሌት መካከለኛ ከባድ ወንጀል ብቻ የሚይዝ ጠበቃ በዓመት 36 መዝገብ ያህል ይበቃዋል። ይህ የአንድ አገር ቁጥር ነው፣ ሌላ ቦታ እንዳለ አይገለበጥም፤ የምስክር አሰማምም የችሎት ርዝመትም ይለያያል። አሠራሩ ግን ይገለበጣል፦ አንድ ዓይነት ጉዳይ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ በሰዓት መመዝገቢያ ለሦስት ወር መቁጠርና ጣሪያውን ከዚያ ማውጣት።

ክፍያውን በመዝገብ ብናደርገው ይሻላል ወይ? ይህ ፊላደልፊያ ውስጥ ተፈትኗል። በዚያ ከተማ ከአምስት የግድያ ተከሳሾች አንዱ በተራ ቁጥር ለደመወዝተኛ ተከላካዮች ድርጅት ይመደብ ነበር፤ የቀሩት ፍርድ ቤቱ ለሚሾማቸውና በመዝገብ ለሚከፈላቸው የግል ጠበቆች ይሄዱ ነበር። አመዳደቡ በዕጣ ያህል ስለሆነ ተመራማሪዎች ማነጻጸር ቻሉ። በ2012 የወጣው ውጤት፣ የደመወዝተኞቹ ደንበኞች ጥፋተኛ የመባል ዕድላቸው በ19 በመቶ፣ ዕድሜ ልክ የመፈረድ ዕድላቸው በ62 በመቶ፣ የሚጠበቀው የእስራት ዘመን በ24 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ የጠበቆቹ ችሎታ አልነበረም። የተሾመው ጠበቃ ብቻውን ነው፣ ለዝግጅት የሚከፈለው ቁርጥ ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ሥራ የሚሰጠውም ያው የሚከራከርበት ፍርድ ቤት ነው። ድርጅቱ ግን መዝገብ በቡድን ይይዛል፣ መርማሪ አለው።

ቁርጥ ክፍያ ቶሎ መዝጋትን ይሸልማል፤ በሰዓት መክፈል ደግሞ ማራዘምን ይሸልማል፣ ደረሰኝ የሚመረምር ሌላ ቢሮም ይጠይቃል። ደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ የግል ጠበቆችን በመዝገብ እየከፈለች ስትሠራ ሒሳቡ ከአቅሟ በላይ ሆኖ ነው ወደ ደመወዝተኛ ማዕከላት የዞረችው። ይህም ሲባል የግል ጠበቆች ዝርዝር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሁለት ተባባሪ ተከሳሾች «እሱ ነው» እየተባባሉ ከሆነ አንድ ቢሮ ሁለቱን መያዝ አይችልም፤ አንዱ ለግል ጠበቃ መላክ አለበት። ሩቅ ያለ ችሎትም እንዲሁ። ደመወዝተኛው ምሰሶ፣ የግሉ ማገር ቢሆን ቤቱ ይቆማል።

ትጋት የሚጠበቀው ደግሞ በክፍያ ዓይነት ሳይሆን ፋይል በመክፈት ነው። ኃላፊው በወር ከእያንዳንዱ ጠበቃ አምስት ፋይል በዘፈቀደ ያንሣ። ተከሳሹ የተያዘበት ቀንና ጠበቃው መጀመሪያ ያናገረበት ቀን ምን ያህል ይራራቃሉ? የነገሩ ቅደም ተከተል በቀን በቀን የተጻፈበት አንድ ገጽ አለ? የማስረጃ ጥያቄ ቀርቧል? ስንት ጊዜ ተገናኙ? ጥፋቱን አምኖ ከሆነ ለምን እንዳመነ የሚገልጽ ማስታወሻ አለ? የመጀመሪያዋ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ ታጋልጣለች።

አራተኛውን ነጥብ በዚሁ ስሌት መጨረስ ይቻላል። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ለአባላቱ የሚመክረው በዓመት 50 የነጻ ሰዓት ነው። አንድ መካከለኛ ከባድ ወንጀል 57 ሰዓት ይፈልጋል ብለናል፤ የአንድ ጠበቃ የዓመት በጎ ፈቃድ አንድ ሰው ሳይጨርስ ያልቃል። የኩባንያ ውል ሲያረቅ የኖረ ጠበቃ የዋስትና ክርክር ለማጥናት ደግሞ ከ50ው ስንቱን ይወስድ? በጎ ፈቃድ በጠበቃው ትርፍ ጊዜ ይመጣል፣ እስር ግን ሌሊት ይመጣል። ግዴታ ሲደረግ የባሰ ነገር አለ፤ ሰዓቱን ለመሙላት ብቻ ፋይል ይወስዱና ቀጠሮ ላይ አይገኙም። ጥሩ የሚሠራው ጠባብና ተዘጋጅቶ የተሰጠ ሥራ ነው፦ ሰነዱ ተሟልቶ የተላከ አንድ ይግባኝ፣ ተቆጣጣሪ ባለበት የከሰዓት ምክር አገልግሎት፣ ለሠራተኞች የሚሰጥ የግብር ወይም የውርስ ሕግ ሥልጠና።

ተራ ክስ ይበዛል የሚለው አምስተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ደመወዝተኛ ጠበቃ ክስ ባቀረበ ቁጥር የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ሊጨመርበት የማይፈልገው መዝገብ ነው። በተግባር የሆነው ተገላቢጦሽ ነው። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ የአብዛኛውን የቤተሰብ ጉዳይ ነጻ ጠበቃ ስታስቀር ሰዎች ከፍርድ ቤት ይልቅ ወደ ሽምግልና ይሄዳሉ ብላ ነበር። በመንግሥት ወጪ ለሽምግልና የሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ቁጥር በዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ። ለካ ባልና ሚስቱን ወደ ሽማግሌ ይልኳቸው የነበሩት የተባረሩት ጠበቆች ኖረዋል። ክስህ አያዋጣም ብሎ የሚመልስ ሰው ሲጠፋ ሁሉም ቀጥታ ሬጅስትራር ዘንድ ይሄዳል፣ ያልተሟላ ማመልከቻ ያስገባል፣ ዳኛውም ጠበቃው ሊሠራው የሚገባውን ማጣራት ችሎት ላይ ይሠራል።

የመጨረሻው ነጥብ ማረጋገጫ ነው። የአቅም ምዘና መኖር አለበት፤ በዚህ አንለያይም። ልዩነቱ መቼና የማን አቅም በሚለው ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2012 ያጸደቀው የነጻ የሕግ ድጋፍ መርሖና መመሪያ ሦስት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። ጣቢያ ወይም ማረፊያ ቤት ያለና አስቸኳይ ድጋፍ የሚፈልግ ሰው ምዘናው እስኪያልቅ ቅድሚያ ድጋፍ ያገኛል፤ ታስሮ ሳለ ሄዶ ማስረጃ ሊያጽፍ አይችልምና። ሕፃናት ሁልጊዜ ከምዘና ነጻ ናቸው። የቤተሰቡ አባላት እርስ በርስ ከተካሰሱ ወይም የቤቱን ገንዘብ እኩል የማያዙበት ከሆነ የሚታየው የአመልካቹ ገቢ ብቻ ነው። ጽሑፉ በሚፈልገው ጥብቅ ማረጋገጫ ባሏን የምትከስስ ሚስት በባሏ ደመወዝ «ሀብታም» ተብላ ትመለሳለች። የተከለከለውም ይግባኝ የማለት መብት አለው።

ምዘናው ራሱ ከቃለ መጠይቁ ጋር አብሮ ቢሄድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። ከሁሉ በፊት የተቃራኒ ወገን ስም ይጠየቅና በቢሮው መዝገብ ይፈለጋል። ታሪኩ ከተሰማ በኋላ ያኛው ወገንም ደንበኛችን ነው ቢባል ቢሮው የሁለቱንም ምሥጢር ይዞ ሁለቱንም ማጣት አለበት። ሁለተኛ፣ መጥሪያው ወይም ደብዳቤው ላይ ያለው ቀንና ለባለጉዳዩ የደረሰበት ቀን፤ ጊዜው የሚቆጠረው በየትኛው እንደሆነ ሕጉ ይታያል፣ የመጨረሻው ቀን በሁለት ሰው ተቆጥሮ በሁለት ቦታ ይጻፋል። የቢሮዎች ትልቁ ስሕተት የሕግ አለማወቅ ሳይሆን የቀን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ገቢ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ሊሸጥ የሚችል ንብረት። ታሪኩ የሚሰማው በመጨረሻ ነው፤ ነገርን ከሥሩ የሚሉት ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቶቹ በቀን ተደርድረው ኮፒ ይደረጉና ዋናዎቹ ያኔውኑ ይመለሳሉ፤ ዋና ሰነድ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ቢሮ አንድ ቀን ያጣዋል።

ጽሑፉ የማያሟላ ይመለስ ይላል። ይመለስ፤ ግን እንዴት ነው የሚመለሰው? ፋይል ተከፍቶለት፣ ፎርም ሞልቶ፣ «እናየዋለን» ተብሎ የሄደ ሰው ጠበቃ የያዘ ይመስለዋል። የይግባኝ ጊዜው ሲያልፍም ቤቱ ተቀምጦ ስልክ ይጠብቃል። ስለዚህ የሚመለስ ሰው በዚያው ዕለት የሚቀበለውና ኮፒው ላይ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በሚያነበው ቋንቋ፣ ማንበብ ካልቻለም ተነብቦለት። አራት መስመር ይበቃዋል፦ ጉዳይህን አልያዝንም፤ ያልያዝንበት ምክንያት ይህ ነው፤ በዚህ ውሳኔ ቅር ካለህ አቤት የምትለው እዚህ ነው፤ ማመልከቻህን ወይም ይግባኝህን የምታስገባበት የመጨረሻ ቀን ይህ ነው። ቀኑ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ።